ነፋስ የስብሰባን ቃል እንዳይበላ
የማይክሮፎን ስፖንጅ አጠቃቀምና አያያዝ

አርጆ ከነቀምቴ በስተደቡብ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከበታቿ የደዴሳ ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ከፍታ ነፋስ አያጣውም። ገበሬው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ከብት ክትባትና ስለ መዋጮ የሚመክረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአዳራሽ ሳይሆን በሜዳ ላይ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ነው። የስብሰባው መሪ ማይክሮፎን ጨብጦ ሲቆም፣ ሳይጋበዝ አብሮት የሚናገር ሌላ ተናጋሪ አለ፤ እርሱም ነፋስ ነው።

የዚህ ጉዳት ከጩኸት ያለፈ ነው። በአርጆ አካባቢ ስብሰባ የሚካሄድበት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ አምስት «ሸን»፣ ሃምሳ ደግሞ «ሸንተማ» ይባላል። ሦስት «ሰዲ»፣ ስምንት «ሰዴት» ነው። ነፋስ የቃሉን ጅራት ከቆረጠው ሃምሳው አምስት፣ ስምንቱም ሦስት ሆኖ ጆሮ ይገባል። ከብቱን በስምንት ሰዓት ለክትባት እንዲያቀርብ የተነገረው ገበሬ በሦስት ሰዓት ነድቶ ይመጣና ቀኑን ሙሉ በከንቱ ይውላል። ሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ የተባለውን በአምስት የተረዳውም ስህተቱን የሚያውቀው ሰብሉ ከቢጫነት ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ነገሩ የመብትም ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ተከትሎ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ፣ ብዙው የገጠር ጉዳይ በስብሰባ ሲመከርበት ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985ም ጠቅላላ ጉባኤውን የማኅበሩ የበላይ አካል ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከኋላ የተቀመጠው አባል የሂሳብ ሪፖርቱን ሳይሰማ እጁን ቢያወጣ፣ ያጸደቀው ምን እንደሆነ አያውቅም።

ስፖንጁ ምን ይሠራል?

ማይክሮፎን ከወንፊቱ ሥር በድምፅ የምትንቀጠቀጥ ስስ ገበታ አለችው። ነፋስ በቀጥታ ሲመታት ገበታዋ ከመጠን በላይ ትናወጣለች፤ ከድምፅ ማጉያውም «ጉምጉም» የሚል ድምፅ ይወጣል። ጥቁሩ ስፖንጅ እርስ በርሳቸው በተያያዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲሹለከለክ ጉልበቱ ይደክማል፤ ድምፅ ግን እምብዛም ሳይቀንስ ያልፋል።

ስፖንጁ የአፍ ትንፋሽንም ይገታል። «ቡና»፣ «በቆሎ»፣ «በርበሬ» ሲባል ከከንፈር ፈንድቶ የሚወጣው ትንፋሽ ማይክሮፎኑን እንደ ጡጫ ይመታዋል። ተናጋሪው ማይክሮፎኑን ከአፉ አራት ጣት ያህል አርቆ፣ ጥቂት ወደ ጎን አዘንብሎ ቢይዘው ይህ ፍንዳታ ይበልጥ ይቀንሳል። መሥራቱን ለማረጋገጥ ተብሎ «ፉ! ፉ!» እያሉ መንፋትና በጣት መደብደብም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ማለት ለፈተናው ይበቃል።

ስፖንጁ የማይችለውም አለ። ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጊዜ ተናጋሪው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ማይክሮፎኑን በደረቱ ይከልለው፤ ወይም መድረኩ ከቤት ግድግዳ ወይም ከጥቅጥቅ አጥር ጥግ ይሁን። በማጉያው ላይ የወፍራም ድምፅ ማስተካከያ ካለ መቀነሱ ጉምጉምታውን ያቃልለዋል። ስፖንጁ የዝናብ ጃንጥላ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ውሃ ከጠጣ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ድምፁ ይታፈናል፤ እርጥበቱም ወደ ማይክሮፎኑ ይዘልቃል።

እጥበትና አቀማመጥ

አንድ ማይክሮፎን በአንድ ስብሰባ ላይ በብዙ ሰዎች አፍ አጠገብ ያልፋል። ስፖንጁም ምራቁን፣ አቧራውንና ትንፋሹን ይይዛል። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ማይክሮፎንን ከእጅ ወደ እጅ ማዞር የቱን ያህል እንደሚያሳስብ ታይቷል። ጉንፋን የሚመላለስበት ደጋማ አገር ይህን መርሳት የለበትም።

አስተጣጠቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ስፖንጁ ከሥሩ ተይዞ በቀስታ እየተገፋ ከማይክሮፎኑ ይወጣል፤ ከጫፉ ይዞ መጎተት ይቀደዋል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና እየተጨመቀ ይታጠባል። እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፤ በረኪናም አይገባበትም። ሳሙናው ለቅቆ እስኪያልቅ ከተለቀለቀ በኋላ በንጹህ ጨርቅ መሐል ተጨምቆ ነፋሻ በሆነ ጥላ ሥር ይሰጣል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ማድረቅ ስፖንጁን ያበላሸዋል። ውስጡ ጨርሶ ሳይደርቅ ወደ ማይክሮፎኑ አይመለስም። በክረምት ማድረቁ ጊዜ ስለሚወስድ ማኅበሩ ሁለት ስፖንጅ ቢኖረው አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል።

ስፖንጅ ያረጃል። የተሠራበት ፖሊዩሬቴን የተባለው ነገር በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይበሰብሳል። በጣት ሲነካ የሚጣበቅ ወይም እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር ከሆነ መጣል አለበት። ፍርፋሪው በወንፊቱ ቀዳዳ ገብቶ ማይክሮፎኑን ይደፍነዋልና። የብዙ ማይክሮፎኖች ወንፊት በውስጡ ሌላ ስስ ስፖንጅ አለው፤ ይህ የዕቃው አካል ስለሆነ ወንፊቱን ለማጽዳት የፈታ ሰው ቆሻሻ መስሎት እንዳይጥለው ይጠንቀቅ።

አዲስ ለመግዛት ወደ ነቀምቴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ማይክሮፎኑን ይዞ ቢሄድ ልኩን አይስትም። ሰፊው ይወልቃል፤ ጠባቡ ይቀደዳል። ከፍራሽ ቆርጦ መስፋት የሚያስብ ካለ ደግሞ አስቀድሞ አፉ ላይ አድርጎ ይተንፍስበት። ትንፋሽ በቀላሉ የማያሳልፍ ስፖንጅ ቃልንም አያሳልፍም።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ሲኖር ነው። ማይክሮፎን የሁሉም ከሆነ የማንም አይሆንም። ስለዚህ መሪዎች አንድ ንብረት ጠባቂ መርጠው ማይክሮፎኑንና ስፖንጁን በመዝገብ ቢያስረክቡ፣ ከስብሰባ በኋላም ዕቃው ከጢስ፣ ከአቧራና ከአይጥ ርቆ በንጹህ ከረጢት እንዲቀመጥ ቢያደርጉ ይበጃል። ስብሰባው ከመከፈቱ በፊትም አንድ ሰው ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ያዳምጥ። ከፊት ያለው ሰው ቁጥር ይጥራለት፤ እርሱም የሰማውን መልሶ ይናገር። ሃምሳው ሃምሳ ሆኖ ከደረሰ ስብሰባው ይጀመር።