የመድኃኒት ተዘዋዋሪ ገንዘብ በምን ይዞራል?

ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ መድኃኒት ሲታጣ፣ በሽተኛውም አስታማሚውም የሚወቅሱት በመስኮት የሚያዩትን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው። ጉዳዩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሒሳብ ክፍል ነው፤ ይህንንም በዱቤ ሽጦ የሚያውቅ ነጋዴ ፈጥኖ ይረዳዋል።

በ1999 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቁሞ፣ ፋርሚድ ይባል የነበረውን የመንግሥት ድርጅት ተካ። ዛሬ መሥሪያ ቤቱ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል። በእጁም ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ዐይነት አቅርቦት አለ። አንደኛው ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤችአይቪና ለክትባት የሚውለው ነው፤ ወጪው በመንግሥትና እንደ ግሎባል ፈንድ ባሉ ረጂ ድርጅቶች ስለሚሸፈን፣ ለተጠቃሚው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሁለተኛው በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚገዛው ነው። ይህ ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች ይሸጣል፤ የሽያጩም ገንዘብ ተመልሶ ለሚቀጥለው ግዥ መነሻ ይሆናል።

ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ያለውን ክምችትና የወጣውን መጠን በቅጽ ሞልቶ ያመለክታል። በሥርዓቱ መሠረት ክምችቱ ከአራት ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ወርም እንዳያንስ ይጠበቃል፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ሲቀር አስቸኳይ ትእዛዝ ይላካል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በቢን ካርዱ ላይ ያጐደላት ቁጥር በማዕከሉ ግዥ ላይ ጉድለት ሆና ትታያለች፤ አብዝቶ የጻፈውም ጊዜው አልፎ ይወገዳል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ገንዘቡ ውጭ የሚቈይበት ጊዜ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ 1,000,000 ብር የሚያወጣ መድኃኒት በዱቤ ወሰደ እንበል። የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለወጡ በፊት፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ ይህ ገንዘብ ከ17,000 ዶላር በላይ ነበር። ዕዳው ተጓትቶ የዶላር ዋጋ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ሲከፈል ግን 10,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። በደረሰኙ ላይ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ሻንጣ ጓንትና ግሉኮስ በገዛው ገንዘብ ግን ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ብቻ ይገዛል። መድኃኒቱ ተሽጦ፣ ዕዳውም ተከፍሎ፣ ፈንዱ ከሰረ።

ጤና ጣቢያው ዕዳውን የሚያዘገየው ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም። መድን ያለውን ሕመምተኛ አስቀድሞ ያክማል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ክፍያ ሲዘገይበት እርሱም ለአቅራቢው ያዘገያል። የመድኃኒት ሽያጭ ገቢ ለነዳጅና ለውሎ አበል ሲውል ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ለመድኃኒት የሚሆነው ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥና ያለ መድኃኒት ግዥ ባይነካ ይበጃል። ሱቁ የጨው ሽያጩን ከቤት አስቤዛ ጋር የሚቀላቅል ነጋዴም ቢሆን መጨረሻው ይታወቃል።

ጨረታ የሚገባ አስመጪም ዋጋ ሲሰጥ፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ የሚከፈትበትን ጊዜና ዕቃው ሲደርስ የሚቀረውን የአገልግሎት ዘመን አብሮ መቍጠር አለበት። ወደቡ ላይ ሁለት ወር የቈየ መድኃኒት፣ ለገጠር ጤና ጣቢያ ሁለት ወር ያነሰ ዕድሜ ይዞ ይደርሳል።