አባባ ተስፋዬና የልጆች ጊዜ



እኛ በምንኖርባት ራቤልም ሆነ በመላው የመንዝና የግሼ ደጋ፣ ለልጅ ተረት መንገር የአያቶች ሥራ ነበር። ማታ እሳት ዳር፣ እራት እስኪደርስ ድረስ ይነገራል። ዛሬ ግን ልጆቻችን የሚሰሙትና የሚያዩት በአብዛኛው ከቴሌቪዥንና ከስልክ ነው። ስለዚህ ያንን የአያት ወንበር ወደ ቴሌቪዥን ይዘውት ስለገቡት ሰው፣ ስለ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ጥቂት ልንላችሁ ወደድን። ሰውየው የእምነታችን ተከታይ አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን የሙስሊሙንም ቤት አንኳኩቷል።

አባባ ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቴአትር ሰው ሆኑ። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ይጫወቱ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጦር ጋርም ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሮችን አዝናንተዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ፕሮግራም ያዙ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ እርሳቸው ከዚያችው ቦታ አልተነቃነቁም። ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሰላም ሲሉ፣ ልጆቹ በየቤታቸው ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ሰላምታውን ይመልሱ ነበር። እስቲ አስቡት! በመስታወት ውስጥ ያለ ሰው አያያቸውም፤ እነርሱ ግን እንደሚያያቸው ያምናሉ። ይህን እምነት ያገኙት ልጅን እንደ ሰው ቆጥረው ስላነጋገሩ ይመስለናል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የአነስን ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርን፣ ትንሽ ልጅ ሳለ፣ እንደ ትልቅ ሰው በኩንያ እየጠሩ ትጫወትበት ስለነበረች ወፍ ይጠይቁት ነበር። ስንቶቻችን አባቶች ነን የልጃችንን ወፍ የምንጠይቅ?

በፕሮግራሙ ላይ የሚያሳዩትን የምትሃት ጨዋታ ግን በዝምታ አናልፈውም። የእጅ ቅልጥፍና እንጂ ሲሕር አለመሆኑን ወላጅ ለልጁ ማስረዳት ነበረበት፤ አሁንም እንዲህ ያለውን በስልክ የሚያይ ልጅ ያላችሁ አስረዱት።

አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ገደማ፣ በፕሮግራሙ ላይ ከቀረበ አንድ ተረት ጋር በተያያዘ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ተረቱ ስሕተት ነበረው ቢባል እንኳ፣ ትውልድ ያሳደገን ሽማግሌ በዚህ መንገድ መሸኘት ለእኛ አልተዋጠልንም። ሽማግሌን ማክበር ከሃይማኖታችን ትምህርት ነውና። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ሰላምታቸውን ቆመው ይመልሱ የነበሩት ልጆች ራሳቸው የልጅ ልጅ አይተው ነበር።

ተረቶቻቸው በመጽሐፍ ታትመዋል። በእኛ አካባቢ እናቶችና አያቶች የሚያውቋቸው ግን ገና አልተጻፉም። ከራቤልም ሆነ ከሌላ አገር የምታነቡን ወጣቶች፣ በዚህ ወር አንድ ምሽት ከአያቶቻችሁ ዘንድ ተቀምጣችሁ የሰማችሁትን፣ የነገራችሁን ሰው ስምና መንደር ጨምራችሁ፣ ጽፋችሁ ላኩልን። እጅ ጽሑፍ ይሁን ግድ የለም።