በቆመ መኪና የሚከስረው ጋራዥ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው ሀዋሳ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከይርጋጨፌና ከዲላ ቡና ጭኖ የሚወጣው፣ ሲሚንቶና ሸቀጥ ይዞ የሚወርደው ከባድ መኪና በእርሷ በኩል ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ለኮንቴነር ጫኞች ተጨማሪ ሥራ ፈጥሯል። ለከባድ መኪና ጋራዥ ገበያው አለ ማለት ነው። ሆኖም ግቢው በመኪና የተሞላ ጋራዥ ሁሉ አትራፊ አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። ጋራዥ የሚሸጠው የባለሙያ ሰዓትና የመሥሪያ ቦታ ነው። ለምሳሌ አራት መኪና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ጋራዥ በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ፣ የሚሸጠው ቦታ 24 የመኪና ቀን ነው። ካምቢዮው ወርዶ መለዋወጫ የሚጠብቅ አንድ ሲኖትራክ 5 ቀን ከቆመ፣ ከሳምንቱ አቅም 21 በመቶ ያህሉ ያለ ገቢ ያልፋል። የግቢ ኪራይና ደመወዝ ግን መቁጠራቸውን አያቆሙም። መኪናውን በብድር የገዛው ባለንብረትም ጭነት ሳያነሳ የባንክ ክፍያው ይደርስበታል።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ የሚጀምረው መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ነው። መኪናው ሲገባ ብልሽቱ ተመርምሮ፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ተዘርዝሮ፣ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ መፍታት ይሻላል። ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ መርካቶ ደርሶ መመለስ 550 ኪሎ ሜትር ነው። የሻንሲ ቁጥርና አሮጌውን ዕቃ ሳይዝ የሄደ ሰው ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁትን ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋና ኩሽኔታ በመጋዘን መያዝም ይህን ወጪ ይቀንሳል።

መጋዘን ግን የዋጋ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በቀድሞው ሂሳብ ዕቃውን የሸጠ ነጋዴ በዚያው ገንዘብ መደርደሪያውን መልሶ መሙላት አይችልም። የዋጋ ማቅረቢያ የሚጸናበት ቀን ተጽፎ መሰጠት ያለበት፣ የመለዋወጫና የእጅ ዋጋም ተለያይተው መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ደንበኛውም የትኛው እንደጨመረ ስለሚያይ ከጭቅጭቅ ይድናል።

ሌላው ጉዳይ የሰው ኃይል ነው። ሁሉም ሥራ አንድ የሠለጠነ መካኒክ ዘንድ ከተከመረ፣ እርሱ የታመመ ወይም ሌላ ጋራዥ የተሻለ ደመወዝ የሰጠው ዕለት ግቢው ይቆማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ፎርማኑ ሥራውን በካርድ መድቦ እያንዳንዱን ረዳት ከአንድ ባለሙያ ጋር ማሠለፍ ይኖርበታል። በትርፍ ሰዓት መኪና ለማድረስ የሚደረገው ሩጫም ዋጋ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75 እጥፍ ነው። ሌሊት ተሠርቶ በቀን ዋጋ የተሸጠ ጥገና ከጋራዡ ኪስ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ማቆጠብ የማይገባው የመጨረሻው ፍተሻ ነው። ፍሬኑን የሠራው መካኒክ ራሱ «ደህና ነው» ማለቱ አይበቃም፤ ሌላ ባለሙያ አይቶት፣ መኪናው ተነድቶ ተሞክሮ፣ በካርዱ ላይ መፈረም አለበት። ባለቤቱ ቸኩሎ በር ላይ ቢቆምም ይህ ግማሽ ሰዓት ሊዘለል አይገባም። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢያጣ የሚጠፋው ሕይወት በየትኛውም ደረሰኝ አይካስም።