ስለ ንጉሥ ምናሴ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከመዝሙሩ ቀጥሎ ባለው በነቢያት ጸሎት ውስጥ ጸሎተ ሕዝቅያስ ይቀድማል፥ ጸሎተ ምናሴም ወዲያው ይከተላል። እኔ በልጅነቴ በየኔታ ፊት ተቀምጬ ሁለቱን ስደግም፥ ሕዝቅያስ አባት ምናሴም ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ይህ ቅደም ተከተል ዘወትር ያስደንቀኛል። አባትየው በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ የጸለየ ጻድቅ ነው፤ ልጅየው በሰንሰለት ታስሮ የጸለየ በደለኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን የሁለቱንም ጸሎት ለልጆቿ አንድ አድርጋ ታስተምራለች።

ምናሴ በ12 ዓመቱ ነግሦ 55 ዓመት ገዛ፤ ከይሁዳ ነገሥታትም ይህን ያህል ዘመን የነገሠ ሌላ የለም። አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች መልሶ ሠራ፥ ለበኣል መሠዊያ አቆመ፥ ለሰማይ ከዋክብት ሰገደ፥ የተቀረጸውንም ምስል በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ አኖረ። ልጆቹንም በሄኖም ሸለቆ በእሳት አሳለፋቸው። ጌ በዕብራይስጥ ሸለቆ ማለት ስለሆነ፥ ገሃነም የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ስፍራ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስንም በመጋዝ ያሰነጠቀው እርሱ መሆኑን ዕርገተ ኢሳይያስ የሚባለው መጽሐፍ ይተርካል፤ ይህም መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዛችን ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ኃያሉ መንግሥት አሦር ነበረ። የአሦር ንጉሥ አስራዶን በሸክላ ላይ ባስጻፈው ጽሑፍ፥ በነነዌ ለሚያሠራው ቤተ መንግሥት ዕቃ እንዲያመጡ ካዘዛቸው 22 ነገሥታት መካከል፥ የይሁዳውን ንጉሥ ምናሴን በስሙ ይጠራዋል። እንግዲህ የአባቶቹን አምላክ ማገልገል የከበደው ንጉሥ ለአሦር ሲገብር ይኖር ነበር ማለት ነው። በመጨረሻም የአሦር አለቆች ራሳቸው በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። በዚያም ተጨንቆ ሳለ እጅግ ተዋረደ፥ ወደ አባቶቹም አምላክ ለመነ። እግዚአብሔርም ልመናውን ሰምቶ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ መንግሥቱ መለሰው። ይህን ታሪክ የምናገኘው በሁለተኛው የዜና መዋዕል መጽሐፍ በምዕራፍ 33 ነው፤ የነገሥት መጽሐፍ የሚነግረን በደሉን ብቻ ነው።

ነቢያት ሕዝቡን ወደ ንስሐ ሲጠሩ የሚናገሩት የዕብራይስጥ ቃል ሹብ ነው፤ ትርጓሜውም ተመለስ ማለት ነው። መንገድ የሳተ ሰው በመሳቱ ቢያዝን ደግ ነው፤ ነገር ግን እግሩን ካላዞረ ኀዘኑ ብቻውን ከቤቱ አያደርሰውም። ምናሴም በባቢሎን አልቅሶ ብቻ አልቀረም። ወደ ሀገሩ በገባ ጊዜ ባዕዳን አማልክትን አስወገደ፥ ምስሉን ከእግዚአብሔር ቤት አወጣ፥ የእግዚአብሔርን መሠዊያ አድሶ መሥዋዕት ሠዋበት፥ ሕዝቡንም ወደ አምልኮተ እግዚአብሔር እንዲመለስ አዘዘ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ምናሴ ጣዖታቱን ከከተማ ውጭ ጣላቸው ይላል እንጂ አቃጠላቸው፥ ፈጫቸው አይልም። ከእርሱ በኋላ ልጁ አሞን በ22 ዓመቱ ሲነግሥ፥ አባቱ ላሠራቸው ለእነዚያው ምስሎች ሠዋ። የተጣለውን የሚያነሣ አልጠፋም ማለት ነው። አሞን የአባቱን ኃጢአት እንጂ የአባቱን መዋረድ አልወረሰም፤ 2 ዓመት ብቻ ነግሦ በገዛ አገልጋዮቹ እጅ ሞተ። ሕዝቡም ቢሆን፥ ምናሴ ከተመለሰ በኋላ እንኳ፥ ለእግዚአብሔር ብቻ ይሁን እንጂ በኮረብታ መስገጃዎች መሠዋቱን አልተወም። ብዙ ዘመን ያስተማሩትን ስሕተት ባንድ ዐዋጅ መመለስ አይቻልምና። የነገሥት መጽሐፍም ይሁዳ ስለ ምናሴ ኃጢአትና ስላፈሰሰው ንጹሕ ደም ከፊቱ እንደ ተወገደ ይመሰክራል። ምናሴ ለራሱ ምሕረት አገኘ፤ በእርሱ ምክንያት የሳቱት ግን ሁሉም አብረውት አልተመለሱም።

ጣዖታቱን ፈጭቶ ትቢያ ያደረጋቸው የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ነው። ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነገሠ፤ ስለዚህ አያቱ ሲሞት የ6 ዓመት ሕፃን ነበረ። ያን ሽማግሌ ንጉሥ በታደሰው መሠዊያ ፊት ሲሰግድ በዓይኑ አይቶት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። መጽሐፍ ይህን ስላላለ፥ የእኔ ሐሳብ ብቻ አድርጋችሁ ያዙት።

የንስሐን ምሥጢር መግለጥ ስለማይገባ የማንንም ሰው ነገር አልናገርም። ነገር ግን በየሀገሩ የሚታየው ይህ ነው፤ ሰው በጉልበት ወይም በሐሰት ምስክር የጎረቤቱን ድንበር ይገፋል፤ ዕድሜው ሲገፋም ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፥ ስግደቱንም ይሰግዳል፥ ጾሙንም ይጾማል። የድንበሩ ድንጋይ ግን በተገፋበት ቦታ እንደ ቆመ ነው። ልጆቹም መሬቱን በውርስ ይካፈላሉ፥ ከጎረቤታቸው ልጆች ጋርም ስለ እርሱ ይጣላሉ። አባትየው ጣዖቱን ከቅጥር ውጭ ጥሎት ሄደ፤ ልጆቹም አነሡት። ጠንቋይ ቤት መመላለሱን በምሥጢር ተናዝዞ የተወ፥ ለልጆቹ ግን ስሕተት እንደ ነበረ ያልነገራቸው ሰውም እንዲሁ ነው፤ በተቸገሩ ጊዜ የሚያውቁት መንገድ የአባታቸውን የቀድሞ መንገድ ነውና።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ያለ ሰው የሚያደርገው ይህ ነው። ለንስሐ አባቱ ተናዝዞ ቀኖናውን ይቀበል። ቀጥሎም ጉልበቱ ሳይደክም ከልጆቹ ጋር ወደ ድንበሩ ይውረድ፤ ጎረቤቱንም ያስጠራ፤ ድንጋዩንም በራሱ እጅ ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልስ፤ ልጆቹም ቆመው ይዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።