«እማዬ፣ ይቀመጡ!»

ወላጆቻችንን ስለምንወድ «ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» እንላለን። ውሃውን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ነጠላውን ሳይቀር እናቀብላቸዋለን። ይህ ደግነት ጉልበታቸውን ሊያደክም እንደሚችልስ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ አረጋዊ አንዴ ከወደቁ፣ ባይጎዱም እንኳ፣ ፍርሃት ሊያድርባቸው ይችላል። ሲፈሩ መራመድ ይቀንሳሉ፤ ያልሠራ የእግር ጡንቻ ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ሚዛን መጠበቅ ያቅታቸዋል። የፈሩት መውደቅም እየቀረበ ይመጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. ፓወልና ማየርስ የተባሉ ተመራማሪዎች 16 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አውጥተዋል። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከፍ ካለ ቦታ ዕቃ ሲያወርዱ፣ በግፊያ መካከል ሲያልፉ እንደማይወድቁ ከ100 ስንት ያህል ይተማመናሉ ብሎ ይጠይቃል። (እሁድ ጉባኤው ሲወጣ በራችን ላይ ያለውን ግፊያ ልብ ይሏል!) ከቤት መውጣት ያቆሙ እናት ሁልጊዜ እግራቸው እምቢ ብሏቸው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ባልና ሚስት ተመካከሩ። በቅርቡ ወድቀው ወይም መድኃኒት ሲወስዱ የሚያዞራቸው ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ከጠንካራ ወንበር ይነሡ፣ ይቀመጡ፤ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። የሚያንሸራትተውን ነጠላ ጫማና የታጠፈውን ምንጣፍ አንሡ፤ ሌሊት የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ መብራት አይለየው። ቡናውን ራሳቸው ያፍሉ፤ ቢዘገይም ጠብቁ።

ስትሄዱም ከብብታቸው ይዛችሁ አትጎትቷቸው። ክንዳችሁን ስጧቸው፣ እርሳቸው ይያዙት፤ እርምጃችሁንም በእርሳቸው ልክ አድርጉት።