ካርዱ የየትኛው ሰይድ ነው?



ባለፈው ክረምት አጎቴን ለማሳከም ይዤው ሄጄ ነበር። ካርድ ክፍል ስሙን ተናገርን፣ ካርዱ ወጣ፣ ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሙ ካርዱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «የስኳር መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?» አለው። አጎቴ ስኳር ኖሮበት አያውቅም። የወጣው ካርድ እስከ አያት ስሙ ድረስ ሞክሼው የሆነ የሌላ ሰው ነበር። ሐኪሙ ሳይጠይቅ መድኃኒት ቢያዝለት ኖሮ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ ሙሐመድ፣ አሕመድና ዓሊ በሚሉ ስሞች ብቻ ስንት ቤተሰብ እንደሚሞላ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ይህ በአንድ ግቢ ውስጥ የሆነ ነው። በሁለት ተቋማት መካከል ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የአገራችን ሕክምና በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው፤ ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የታየ ሰው ሕመሙ ከጠና ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይላካል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ታሪኩ ግን አብሮት የሚሄደው በኪሱ በያዘው የሪፈር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ወይም ጽሑፉ ካልተነበበ ምርመራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ ገንዘቡም እንደገና ይከፈላል። ቅጹ ላይ ተቀባዩ ሐኪም ለላኪው መልስ የሚጽፍበት ቦታ አለ። መልሱም የሚመለሰው ያው በሕመምተኛው እጅ ነው።

«ጤና ሚኒስቴር ኮምፒውተር ዘርግቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ዘርግቷል። ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት አገር አቀፍ ነው፤ ግን ሥራው መቁጠር ነው። በዚህ ወር ስንት ሰው ወባ ታመመ የሚለውን ይነግራችኋል እንጂ የእናታችሁን የደም ግፊት አይነግራችሁም። የአንድን ሰው የሕክምና ታሪክ የሚይዘው ሌላ ነው፣ ኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚባለው። እሱ ደግሞ በየሆስፒታሉ ለየብቻው ከተቀመጠ ሁለቱ ሰርቨሮች እንዲግባቡ የጋራ ቋንቋ ይፈልጋሉ። አንዱ ላቦራቶሪ የጾም ስኳርን በሚሊግራም 126 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ያንኑ መጠን በሚሊሞል 7 ይለዋል። መለኪያው ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ቢላክ ምን እንደሚከተል ገምቱ። ኤችኤል 7 የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው ፋየር የተሰኘ ደረጃ የተሠራው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ መረጃ ከነመለኪያው፣ ከነቀኑና ከነመዝጋቢው እንዲላክ።

ሰውን መለየት ግን ከዚህም ይከብዳል። መድረሳ ያለፈ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ ራዊዎች ስለገጠሟቸው ለዚሁ ራሱን የቻለ ዘርፍ አበጅተዋል። በ463 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» የተባለውን ኪታብ ያዘጋጁት በዚህ ላይ ነው። ስም ብቻ አይበቃቸውም፤ ኩንያውን፣ አገሩን፣ ሸይኹን፣ ያረፈበትን ዘመን ያጣራሉ። ኮምፒውተርም የእናት ስም፣ ቀበሌና ስልክ እያመሳከረ ነው ሰው የሚለየው። እኛ ዘንድ ግን ዕድሜ በግምት ይጻፋል፤ ሙሐመድ፣ መሐመድና ሞሀመድ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው ለማሽኑ ሦስት ሰው ነው። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ተስፋ የሚሰጠኝ በዚህ በኩል ነው።

ሌላው መቀመጫው ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎት ማቆሙን ሁላችንም እናስታውሳለን። ወረቀትም ሆነ ሰርቨር አንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ካለ ዕጣው የሕንፃው ነው። ቅጂው ሌላ ከተማ መኖር አለበት።

ቅጂ በበዛ ቁጥር ግን የሚያይ ዓይንም ይበዛል። የሕመምተኛ ምስጢር አማና ነው፤ በሕግም ቢሆን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ለይቶ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ደህና ሥርዓት ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ካርድ እንደከፈተ ይመዘግባል። ለእኔ ይህ ከሰነድ አይለይም፤ ወሬው በማን በኩል እንዳለፈ ይታወቃል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጀመዓ ልንካ፣ አትቀየሙኝ። ለታመመ ወንድም ወይም እህት ሰደቃ ስናሰባስብ የሐኪም ወረቀቱን እንዳለ ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንለቃለን፤ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የበሽታው ዓይነት፣ አንዳንዴም የደም ምርመራው ውጤት። ገንዘቡ በሳምንት ይሞላል። ፎቶው ግን ከአንዱ ግሩፕ ወደ ሌላው ሲዞር ይኖራል፤ ልጅቷ ለኒካሕ ስትጠየቅም እዚያው ነው። ወረቀቱን ሁለት የታመኑ ሰዎች አይተው ቢመሰክሩ ለሰጪው ይበቃዋል። መለጠፍ የግድ ከሆነ ስሙና የካርድ ቁጥሩ ይሸፈን፣ በሽታውም «ከባድ ሕክምና» ተብሎ ይለፍ። የሪፈር ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ በራሳችሁ ስልክ መያዝ ግን ጥሩ ነው፤ ሐረጎ ላይ ዝናብ አይታመንም።