ገመዱ በደጅ፣ ትምህርቱ በሩቅ፦ በወረርሽኙ ዘመን ተማሪዎች የበይነ መረብ ትምህርትን ለምን ተቃወሙ?

እስያን፣ አፍሪካንና አውሮፓን የሚያገናኙ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ከቀይ ባሕር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲያልፉ ብዙዎቹ ጅቡቲ ከተማ ላይ ወደ የብስ ይወጣሉ። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን አገር ይህን ያህል ገመድ የሚያርፍባት መሆኗ ከመልክዓ ምድሯ የተገኘ ዕድል ነው። የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ጉልህ ድርሻ የሚተላለፈውም በዚችው ከተማ በኩል ነው።

ከወደቡ ተነስቶ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ የተሻገረ ሰው ግን ባልባላ ይደርሳል። ከጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ብዙው የሚኖርበት፣ የቆርቆሮ ቤት የበዛበት ሰፈር ነው። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢም የሚገኘው እዚሁ ነው። በዚህ ሰፈር ለሚኖር ተማሪ ከባሕሩ የወጣው ገመድ እጁ የሚገባው በአንድ በር ብቻ ሲሆን፣ የበሩም ባለቤት መንግሥታዊው ጅቡቲ ቴሌኮም ነው። ተወዳዳሪ በሌለበት ገበያ ዋጋው ውድ፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ መሆኑን የዓለም ባንክ ደጋግሞ ገልጿል።

እአአ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የዩኒቨርሲቲዎችን በር ሲያዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ የትምህርት ተቋማት መሪዎች ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፉ፤ ትምህርቱ በበይነ መረብ ይቀጥላል አሉ። በብዙ አገሮችም ተማሪዎች ውሳኔውን ተቃወሙ። ተቃውሞው በብዙዎች ዘንድ ቴክኖሎጂን መፍራት ወይም ስንፍና ተደርጎ ቢታይም፣ ተማሪዎቹ ያነሱት ጥያቄ ሌላ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግቢውን ሲዘጋ የመማሪያ ክፍሉን፣ የመብራቱንና የመስመሩን ወጪ ማን ይሸከማል? ይህንስ ሲወስን ማንን አማከረ?

የመጋቢት ወር

ጅቡቲ የመጀመሪያውን የኮሮና ተያዥ ያረጋገጠችው መጋቢት 9/2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ተዘጉ፤ ጥብቅ የእንቅስቃሴ ገደብም ተጣለ። ገደቡ ከግንቦት 9 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቢላላም፣ በዚያን ሰሞን በሕዝብ ብዛት ሲሰላ ጅቡቲ በአፍሪካ ከፍተኛ የተያዦች ምጣኔ ከተመዘገበባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ለትምህርት ቤት ተማሪዎች የአገሪቱ ቴሌቪዥን ትምህርት ማሰራጨት ጀመረ። ቴሌቪዥን ግን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይበቃም። የአንድ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ኮርስ ለአገር የሚተላለፍ አይደለም።

በኢትዮጵያ ደግሞ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ተያዥ ተገኘ፤ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ በየግቢያቸው እንዲቆዩ ቢታሰብም ብዙም ሳይቆይ ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ። ባዶ የቀሩት የተማሪ ማደሪያዎች ከውጭ ለሚመለሱ ሰዎች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ከጅቡቲ በደወሌ በኩል የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ካረፉባቸው አንዱ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ተማሪው ወደ ገጠር ሲሄድ፣ ከስደት የተመለሰው ወጣት የተማሪው አልጋ ላይ ተኛ።

የአንድ ሰዓት ትምህርት ዋጋ

የተማሪዎቹን ቅሬታ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ሰዓት በቪዲዮ የሚሰጥ ትምህርት፣ ጥራቱ ዝቅ ቢል እንኳ፣ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ ጥራቱ ከፍ ካለ ከአንድ ጊጋባይት ይበልጣል። በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚማር ሰው በትንሹ 10 ጊጋባይት በሳምንት፣ 40 ጊጋባይት በወር ያስፈልገዋል። ይህ በሞባይል ካርድ እየተሞላ የሚገዛ ከሆነ ለአንድ የወደብ ጫኝና አውራጅ ወይም ለአንዲት የጀበና ቡና ሻጭ ልጅ የሚቻል አይደለም።

ዳታው ቢገኝ እንኳ ሌላው ይቀራል። በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ከበረሃ የሚነሳው ደረቅ ነፋስም ይጨምርበታል። በዚህ ወቅት አቅም ያለው ሰው ቤቱን በአየር ማቀዝቀዣ ይዘጋል፤ የሌለው ቀኑን በጥላ ሥር ያሳልፋል። ጅቡቲ እአአ ከ2011 ጀምሮ አብዛኛውን የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከኢትዮጵያ የምታገኝ ቢሆንም፣ የመብራት ሒሳብ ለድሃ ቤተሰብ ከባድ ሸክም መሆኑ አልቀረም። በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ በስልክ ስለ ሒሳብ ወይም ስለ ሕግ የሚሰጥ ገለጻ ሊያዳምጥ ይሞክራል። ስልኩ የአባት ከሆነ ደግሞ አባት ለሥራ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል።

ግቢ ማለት እንግዲህ መምህር የቆመበት ቦታ ብቻ አልነበረም። ጥላ፣ ጸጥታ፣ ወንበር፣ የቤተ መጻሕፍት መብራትና ነፃ ዋይፋይ ያለበት፣ ባለጸጋውና ድሃው እኩል የሚቀመጡበት ስፍራ ነበር። ትምህርቱ ወደ ቤት ሲዛወር እኩል ያልነበሩት ቤቶች የመማሪያ ክፍል ሆኑ።

የጆሃንስበርጉ 30 ጊጋባይት

ይህ ክርክር ጎልቶ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ በወቅቱ መሪው፣ ቫይስ ቻንስለር አዳም ሃቢብ፣ ትምህርቱን እአአ ሚያዝያ 20 ቀን 2020 በበይነ መረብ ለመቀጠል ወሰነ። የአገሪቱ የተማሪዎች ኅብረት ኮምፒውተርና ዳታ ለሁሉም ሳይዳረስ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መንገድ መቀጠላቸውን ተቃወመ። በተማሪዎቹና በዩኒቨርሲቲ መሪዎች መካከል ያለው ጥርጣሬ ከወረርሽኙ የቀደመ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የትምህርት ክፍያ ጭማሪ ያስነሳው ታላቅ የተማሪዎች ዐመፅ ጠባሳ ገና አልሻረም።

ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች በወር 30 ጊጋባይት ዳታ ሰጠ፤ ለሌላቸውም ላፕቶፕ አዋሰ። በአፍሪካ መለኪያ ይህ ቀላል አልነበረም። ይሁንና ከ30ው ውስጥ ቀን ላይ የሚሠራው 10ሩ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 20 የሚያገለግለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ከላይ በቀረበው ስሌት ከተሄደ፣ የቀኑ ዳታ የሚበቃው ለአንድ ሳምንት የቪዲዮ ትምህርት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድሃው ተማሪ ሌሊት ተነስቶ የተቀዳውን ገለጻ ያወርዳል፤ አቅም ያለው ጓደኛው ግን ጠዋት ላይ ከመምህሩ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ለፍትሕ ሲባል መጠቀስ ያለበት፣ መምህራኑ ዳታ የማይበሉ ጽሑፎችንና የድምፅ ቅጂዎችን እንዲጠቀሙ መመከራቸው ነው። የሃቢብ መከራከሪያም ዓመቱ በሙሉ ከሚጠፋ ጉድለት ያለበት ትምህርት ይሻላል የሚል ነበር። ይህ ባዶ ሙግት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ተሞክሮ እንደሚያሳየው፣ ምንም ባለማድረግም የሚጎዳ አለ።

በፈረንሳይኛ የትምህርት ሥርዓት ከጅቡቲ ጋር ዝምድና ባላት ቱኒዚያ ደግሞ የተማሪዎች አጠቃላይ ኅብረት በዚያው የጸደይ ወቅት የርቀት ትምህርቱን ሳይቀበለው ቀረ። የቴሌኮም ድርጅቶች የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ በነፃ ከፍተው ነበር። ነፃው ድረ ገጽ ግን ስልክ ለሌለው ምንም አይፈይድም፤ መምህሩ ቪዲዮውን በሌላ መድረክ ላይ ከጫነውም ነፃነቱ እዚያው ያበቃል።

ኢትዮጵያ፦ ለአንዱ ተፈቅዶ፣ ለሌላው ተዘግቶ

በኢትዮጵያ የተመረጠው መንገድ የተለየ ነበር። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በበይነ መረብ እንዲቀጥሉ አደረገ፤ እጅግ የሚበዙት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን ብዙዎቹ የኢንተርኔት አቅርቦት ወደሌለበት ገጠር በመመለሳቸው በቤታቸው እንዲጠብቁ ተደረገ። ከፍትሕ አንጻር ሲታይ ውሳኔው ማንንም ወደ ኋላ ላለመተው የታሰበ ይመስላል። ያስከተለው ግን ወራት የዘለቀ ባዶ ጊዜ ነበር። ግቢዎቹ ተመራቂዎችን በማስቀደም እንደገና መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ነው።

እንዲቀጥሉ የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ መንገዳቸው ቀና አልነበረም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23/2012 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። የመመረቂያ ጽሑፉን በኢሜይል ለአማካሪው የሚልክ ተማሪ በእነዚያ ሳምንታት የሚማጸነው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት አልነበረም። መስመሩን የሚዘጋው እጅ ሌላ ቦታ ነበርና። በቀጣዩ ጥቅምት ወር በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከቀረው ዓለም ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቆረጠ።

በአፍሪካ ቀንድ የዩኒቨርሲቲ መሪ ሥልጣን ወሰን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መሪው «በበይነ መረብ ተማሩ» ብሎ ማስታወቂያ ሊለጥፍ ይችላል፤ የዳታውን ዋጋ ግን አይተምንም፣ መብራቱንም አያበራም። ተማሪው ግን በር የሚያንኳኳው በቅርቡ በሚያገኘው ሰው ቢሮ ነው፤ ቁጣውም የሚያርፈው እዚያው ነው።

ያው ተማሪ፣ ተቃራኒ ጥያቄ

ተቃውሞው ስለ ቴክኖሎጂ እንዳልነበረ ከሁሉ አጉልታ ያሳየችው ፓኪስታን ናት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በተጓደለባት የባሎቺስታን ግዛት፣ በክዌታ ከተማ፣ የበይነ መረብ ትምህርትን በመቃወም ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በፖሊስ ታሰሩ። ከሰባት ወራት ገደማ በኋላ፣ በጥር 2013 ዓ.ም.፣ በላሆር ተማሪዎች እንደገና አደባባይ ወጡ። በዚህኛው ጊዜ የጠየቁት ፈተናው በግቢ ሳይሆን በበይነ መረብ እንዲሰጥ ነበር።

ለትችት የቸኮለ ሰው ይህን መገለባበጥ ሊለው ይችላል። ነገር ግን የላሆሮቹ ተማሪዎች ሙግት ቀጥተኛ ነበር፦ ወሰነ ትምህርቱን በሙሉ በስክሪን አስተምራችሁን፣ መዝኑን ስትሉ ግን ክፍል ግቡ ማለታችሁ ምን ፍትሕ አለው? በክዌታም በላሆርም ውሳኔው ከላይ ወርዶ የደረሳቸው በማስታወቂያ መልክ ነበር።

የዋጋው ጥያቄ በሀብታም አገሮችም አልቀረም፤ መልኩ ብቻ ተለወጠ። በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሙሉ ክፍያ ከፍለው ወደ ማደሪያቸው ከገቡ በኋላ ትምህርታቸውን ከመኝታ ክፍላቸው በኮምፒውተር እንዲከታተሉ ሆኑ። እአአ ኅዳር 2020 ዩኒቨርሲቲው በማደሪያቸው ዙሪያ ያቆመውን የብረት አጥር ተማሪዎቹ ገፍተው ጣሉት። በተከታዩ መጋቢት ባካሄዱት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶ የሚሆኑት በዩኒቨርሲቲው መሪ ናንሲ ሮትዌል ላይ እምነት እንደሌላቸው ገለጹ። ድምፁ አስገዳጅ አልነበረም፤ መሪዋም በሥልጣናቸው ቆዩ። የጥቂት ወራት ዕድሜ ሳይሞላው ዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ገለጻዎች ከወረርሽኙ በኋላም በበይነ መረብ እንደሚቀጥሉ ሲያስታውቅ ሌላ የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። ማንቸስተር ውስጥ ኢንተርኔት አልጠፋም፤ ተማሪዎቹ የከፈሉበትን ነገር አላገኘንም፣ ስንጠይቅም የሚሰማን የለም ነው ያሉት።

የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ እአአ በ2006 ሲቋቋም ዋና ዓላማው የአገሪቱ ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች መሰደድ ሳያስፈልጋቸው እዚያው ጅቡቲ እንዲማሩ ማድረግ ነበር። በባልባላ ግቢ መከፈቱም ይህንኑ ርቀት ይበልጥ አሳጠረው፤ ተማሪው በእግሩ ሄዶ ክፍል ሊገባ ቻለ። ወረርሽኙ በተዘጋው በር ፊት ያቆመው ይህንን ተማሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ በጅቡቲ የሚያርፉት ገመዶች ቁጥር ጨምሯል። ከሞምባሳ ተነስቶ ሞቃዲሾንና ቦሳሶን አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው ዳሬ 1 እአአ በ2021 ሥራ ጀምሯል። የዓለም ባንክም የአገሪቱን የቴሌኮም ገበያ ለውድድር ለመክፈት የሚያግዝ ፕሮጀክት እአአ በ2022 መጀመሪያ ላይ አጽድቋል። ግቢው ተከፍቷል፤ ተማሪዎችም ተመልሰዋል። ሰኔ ሲደርስና ነፋሱ ሲነሳ በቤቱ ማራገቢያ የሌለው ተማሪ አሁንም ጠዋት ጠዋት ወደ ግቢው ይሄዳል።